ቁጥር ሰባት ሽጉጥ ያልተኮሰበት ቀን

ቁልፉን ያስረከብኩት ወጣት መኮንን፣ ፈርሜ ልወጣ ስል ከመሣሪያ ግምጃ ቤቱ በር ላይ አቆመኝና «አባባ፣ ለመሆኑ አንድ ሽጉጥ ስንት ዓመት ያገለግላል?» አለኝ። ልጁ የጠየቀኝ ለጨዋታ ያህል ነው፤ ሽማግሌን ዝም ብሎ መሸኘት ነውር መስሎት ነው። እኔም «እንደ ያዡ ነው» ብዬው ወጣሁ። ከጣቢያው ቁልቁል ወደ ቤቴ ስወርድ ግን በራሴ ተናደድኩ። ዕድሜውን ሙሉ ሽጉጥ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው በሁለት ቃል ይመልሳል? መልሱ እኮ ረጅም ነው። ግማሹ የብረት ጉዳይ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ለማንም ነግሬው የማላውቀው የራሴ ጉዳይ ነው።

ይህ ከሆነ ሦስት ወር አለፈ። በሦስት ወር ውስጥ የቤታችንን የበር ማጠፊያ ሁሉ ፈትቼ፣ አጽድቼ፣ ዘይት ቀብቼ ጨረስኩ። የባለቤቴን የስፌት መኪና ሁለት ጊዜ ፈታሁት። ለሦስተኛ ጊዜ ስነሣ «አንጁሎ፣ ወይ ጻፍ፣ ወይ ከቤት ውጣልኝ» አለችኝ። መጻፉን መረጥኩ።

እኔ የገሱባ ገጠር ልጅ ነኝ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ደርሼ፣ አማርኛ መጻፍና ማንበብ ስለቻልኩ በጃንሆይ ዘመን፣ ሃምሳዎቹ ዓመታት ሲገቡ፣ ሶዶ ላይ በፖሊስነት ተቀጠርኩ። ለፖሊስነት ግን አልተፈጠርኩም። ሰልፍ ላይ «ግራ ዙር!» ሲባል ሁሉም ወደ ግራ ይዞራል፣ እኔ ብቻ ከአጠገቤ ካለው ሰው ጋር ፊት ለፊት እገጣጠማለሁ። የሰልፍ አለቃው አንድ ወር ታገሰኝና «ይኼን ሰው ሰው ከማያየው ቦታ አስቀምጡልኝ» አለ። ሰው የማያየው ቦታ ደግሞ ከጣቢያው ጀርባ ያለው፣ ቆርቆሮ የለበሰው የመሣሪያ ግምጃ ቤት ነበር። ደመወዙ ያው ነው፤ ሰልፍ የለበትም። እግዜር እንደ ወደደኝ ያኔ ገባኝ።

እዚያ ያገኘኋቸው ሻምበል ባሻ ደምሴን ነው። ባሻ እንላቸዋለን። የመንዝ ሰው ነበሩ፤ በጎረምሳነታቸው አዲስ አበባ ጣልያኖች በከፈቱት ጋራዥ ውስጥ ስለ ሠሩ ሙያውንም የመሣሪያውንም ስም ከዚያ ይዘው መጥተዋል። ብረት መንከሻውን ሞርሳ፣ መሞረጃውን ሊማ፣ ብሎን መፍቻውን ካቻቢቴ፣ ጥምዝምዙን ሽቦ ሞላ ማለትን ከአፋቸው ሰምቼ ነው የለመድኩት። አጭር፣ ደረቅ ያሉ ሰው ናቸው። መሣሪያ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በአመድ ይታጠባሉ፣ «ላብ ጨው ነው፣ ጨው ብረት ይበላል» ይላሉ። አሮጌ ዕቃ አይጥሉም። የጥይቱን ቂጥ የምትወጋዋ መርፌ ስትሰበር፣ የላላ ሞላ፣ ቀለህ የሚጎትተው ጥፍር ሲዶለዱም፣ ሁሉንም በወረቀት ጠቅልለው፣ የሽጉጡን ቁጥርና የሞተበትን ምክንያት ጽፈው በአንድ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣሉ። መጀመሪያ ያስነበቡኝም እሱን ነው። «ይኼን አንብበህ ስትጨርስ ካቻቢቴ እሰጥሃለሁ» አሉኝ። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ጠመንጃው ብዙ ነበር፤ ሽጉጦቹ ግን ዐሥራ ሁለት ብቻ ናቸው። ጣልያን ጥሎት ከሄደው የተሰበሰቡ፣ ራሳቸው ቀለህ አውጥተው ራሳቸው የሚጎርሱ ዓይነት። ሰው ሽጉጥ የሚያረጀው በመተኮስ ብቻ ይመስለዋል። የእኛዎቹ ዓመቱን ሙሉ የሚተኩሱት ጥይት በጣት የሚቆጠር ነበር። ያረጁት በርክክብ ነው።

ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። ዘበኛ በተለወጠ ቁጥር ወጪው አሸዋ በተሞላው ሣጥን ፊት ቆሞ የጥይት ካዝናውን ይነቅላል፤ ላይኛውን ብረት፣ እኛ ክዳን የምንለውን፣ ወደ ኋላ ይስባል፤ የጎረሰው ጥይት ዘሎ ይወጣል። ገቢው ያንኑ ጥይት አንሥቶ፣ ጠርጎ፣ መልሶ ያጎርሳል። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በዓመቱ ቀናት ሁሉ። ያቺ አንዲት ላይኛ ጥይት ስትወጣና ስትገባ ቂጧ በጥፍሩ ይታኘካል፤ ጥፍሩም በእሷ ይዶለዱማል። ጫፏ ላይ ያለችው እርሳስ ደግሞ በእያንዳንዱ ግፊያ ወደ ቀለሁ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ትሰምጣለች። የሰመጠች ጥይት ስትተኮስ ባሩዱ መፈናፈኛ ስለሚያጣ ክዳኑን ክፉኛ ይመታዋል። ባሻ ለዚህ መላ ነበራቸው። ጥይቱ አንገት ላይ በመጻፊያ እርሳስ ቀጭን መስመር ያሰምራሉ፤ መስመሯ በቀለሁ ከተሸፈነች ያቺ ጥይት ትወገዳለች። በየሰኞው ደግሞ «ላይ የዋለው ይውረድ፣ ታች ያደረው ይውጣ» እያሉ የካዝናውን ጥይት ሁሉ ያገላብጣሉ።

ስንጥቅ የሚፈልጉበትን መንገድ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። ክዳኑን በላምባ ያርሱትና በደረቅ ጨርቅ ሙልጭ አድርገው ይጠርጉታል። ከዚያ ከሚሲዮኑ ትምህርት ቤት የለመንኩትን ጠመኔ ፈጭተው ይነሰንሱበታል። ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ብረቱ ጤነኛ ከሆነ ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ካለ ግን የገባው ላምባ ተመልሶ ይወጣና በነጩ ላይ አንዲት ቀጭን እርጥብ መስመር ትታያለች። እንዲህ ሆኖ የተገኘውን «ይኼስ ጡረታ ይውጣ» ብለው በእርጋታ ወደ ጎን ያደርጉታል። ሞላም እንዲሁ ነው። አንድ አዲስ ሞላ ግድግዳው ላይ በሚስማር ተሰቅሎ ነበር፤ ከሽጉጡ የወጣውን ከጎኑ አቁመው ምን ያህል እንዳጠረ ያያሉ። ግን ከማየታቸው በፊት ዓይናቸውን ጨፍነው ክዳኑን ስበው ይለቁታል፤ የሚመለስበትን ድምፅ ሰምተው «አጥሯል» ካሉ አጥሯል ማለት ነው። ስንቴ ልይዛቸው ብዬ አልተሳካልኝም።

አንድ ጊዜ አፈሙዙን በአፉ በኩል መወልወያ ዘንግ ከትቼ ስፈትግ አገኙኝና እጄን መታ አደረጉት። «ስንት ዓመት ተተኩሶ ያልጠፋውን የዚህን ሽጉጥ የውስጥ ጥርስ አንተ በአንድ ክረምት ትጨርሰዋለህ! ከኋላ ነው የሚጸዳው፣ ከኋላ!» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ምሳቸውን ከፍለው ሰጡኝ። ቁጣቸው ከምሳ ሰዓት አልፎ አያውቅም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

በክረምት ትልቁ ጭንቃችን ዘይት ነበር። ከበላይ የሚላከው ዘይት በመንገድ ብልሽት ይዘገያል። ሲጠፋ የምንጠቀመው የስፌት መኪና ዘይት ነው፤ እሱን የሚያመጣልን ደግሞ ከስልጤ መጥቶ ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈተው ከድር ነበር። አንድ ሐምሌ ላይ ባሻ የገሱባን ጠመንጃዎች ሊያዩ በሄዱበት ሳምንት ከጠቅላይ ግዛቱ ተቆጣጣሪ ረቡዕ ይመጣል ተባለ። ለተቆጣጣሪው የተሰበሰቡትን ሽጉጦች አየኋቸው፤ በእርጥበቱ ቡና ቡና የሚል ዝገት ጀማምሯቸዋል። የዘይቱን ጠርሙስ ገለበጥኩት፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ወደ ከድር ሮጥኩ።

«ወላሂ አንጁሎ፣ መኪናው መንገድ ላይ ጭቃ ይዞታል። ሐሙስ ይገባል» አለኝ።

«ከድር፣ እኔ የምፈልገው ለረቡዕ ነው።»

«እንግዲህ ዘይት አልወልድልህ! ሐሙስ ና አልኩህ እኮ።»

ቤቴ ስገባ ከእናቴ የተላከ ቅቤ ተቀምጧል። የወላይታ ቅቤ፣ ገና ትኩስ። አየሁትና አባቴ ቤት ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ጦር ትዝ አለኝ። አባቴ ያን ጦር በዓመት ሁለቴ ቅቤ ይቀባው ነበር፤ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ዝገት ነክቶት አያውቅም። ቢላውም፣ የከብቱ ጠፍርም፣ ሁሉም የሚጠበቀው በቅቤ ነው። ጦርን የጠበቀ ቅቤ ሽጉጥን የማይጠብቅበት ምክንያት አልታየኝም። ጦር ግን ውስጡ ድፍን ነው፤ ቀዳዳ የለውም፣ መርፌና ሞላ የለውም። ይህን ያላሰብኩት አራት ዓመት ሽጉጥ ስፈታ የኖርኩት ሰውዬ ነኝ።

ቅቤውን አቅልጬ በሻሽ አጠለልኩት። ዐሥራ ሁለቱንም ሽጉጦች ፈታሁ፤ ውስጥ ውጭ ሳልል፣ የመርፌውን ቀዳዳ ሳይቀር፣ ቀባኋቸው። ረቡዕ ዕለት ተቆጣጣሪው አንዱን አንሥተው በመስኮቱ ብርሃን አገላበጡትና «እንዲህ ያለ ንጽሕና አዲስ አበባም አላየሁ» አሉ። ጆሮዬ ድረስ ነው የሳቅሁት።

ሐሙስ ባሻ ከገሱባ ተመለሱ። ዝናብ መትቷቸው ጉንፋን ይዟቸዋል፤ አፍንጫቸው ተደፍኗል። መዝገቡን ከፍተው ብዕራቸውን አነሡና «በምን ቀባሃቸው?» አሉኝ።

«በከድር ዘይት» አልኩ።

ለምን እንደዋሸሁ እስከ ዛሬ በደንብ አላውቅም። ምናልባት ይስቁብኛል ብዬ ይሆናል። ቀና ብለው አዩኝ፤ «ጎበዝ» አሉና ፈረሙ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስት አራቱን ፈትተው ሳያዩ አይፈርሙም ነበር። ያን ቀን አመኑኝ።

አስር አለቃ ሳና የሻንቶ ሰው ነው። ከእኔ ሁለት ሦስት ዓመት ይበልጠኛል፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አንድ አግዳሚ ላይ ነው የምንቀመጠው። ትልቅ፣ ዝምተኛ፣ ስትነግረው ሁለት ጊዜ አስቦ የሚመልስ ሰው ነው። ከተቆጣጣሪው መምጣት በኋላ ባለው ሳምንት ቁጥር ሰባትን ታጥቆ ወደ ዲምቱ ወረደ። ዲምቱ ቆላ ነው፤ ሶዶ በዝናብ ስትንቀጠቀጥ እዚያ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ አቧራው ይነሣል። ቅቤው እዚያ ቀለጠ። ቀልጦ አቧራ ያዘ። አቧራውን ይዞ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ተጋገረ።

በዐሥረኛው ቀን ሌቦች የሦስት ገበሬዎችን ስድስት በሬ ነድተው ሲሸሹ ብላቴ ወንዝ መሻገሪያው ላይ ሳና ብቻውን ደረሰባቸው። ወደ ሰማይ ሊተኩስ ምላጩን ሳበ፤ ቀጭ አለ እንጂ አልተኮሰም። ክዳኑን ስቦ ያልተኮሰችውን ጥይት ጣለ፣ ሌላ አጎረሰ፣ ሳበ፤ ቀጭ። ሦስተኛ፤ ቀጭ። ሦስቱም ጥይቶች ውሃው ውስጥ ገቡ። ከሌቦቹ አንዱ ተመልሶ በገጀራ ክንዱን መታውና ከብቶቹን ይዘው ተሻገሩ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ቆይቼ ነው። መጀመሪያ የደረሰኝ ሽጉጡ ነበር። አንድ ፖሊስ በጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ «ከዲምቱ የመጣ ነው» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ጣለውና ወጣ። ጭቃና ደም ነበረበት። እጄ የለመደውን ሠራ፤ ፈታሁት። መርፌዋ ከቀዳዳዋ አልወጣ አለች። በእንጨት ገፋኋት፤ ቢጫ፣ አቧራ የበላ ሙጫ ይዛ ወጣች። ምን እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ። አዎ፣ አወቅሁ፤ አሁን ምን እሸሽጋለሁ? በላምባ አጠብኩት፣ ጠረግሁት፣ በከድር ዘይት ቀባሁት፣ ገጠምኩት። ባሻ የሳናን ወሬ ይዘው ሲገቡ ቁጥር ሰባት ጠረጴዛው ላይ እያብረቀረቀ ነበር።

ሻለቃው፣ የጣቢያው አዛዥ ማለቴ ነው፣ ሽጉጡን አስመጥተው ከዳሞታ ተራራ ሥር ወዳለው ገደል ወርደው ራሳቸው ተኮሱ። አራት ጥይት፣ አራቱም ጮኸ። «ሽጉጡ ደህና ነው፤ ሰውዬው ነው ያልተኮሰው» አሉ። ሦስት ጥይት ጎድሏል፣ ተኩስ የሰማ ሰው ግን የለም። እንግዲህ ጥይቱን ሸጦ፣ ከሌቦቹ ተስማምቶ፣ ክንዱን ለማስመሰያ አስቆርጦ ነው ተባለ። የሰው አፍ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ያኔ አየሁ። ጉዳዩ በመጪው ዓርብ እንዲታይ ተቀጠረ፤ ቢፈረድበት ከሥራ መባረር ብቻ ሳይሆን እስር ቤትም ነበረበት። ያን ጊዜ ሁለት ልጆች ነበሩት።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን መጣ። ክንዱ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። አግዳሚያችን ላይ ሲቀመጥ ሌሎቹ ቀስ እያሉ ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ፤ እኔና እሱ ብቻ ቀረን። ስንወጣ በዛፉ ሥር አቆመኝ።

«አንጁሎ፣ አንተ መሣሪያ ታውቃለህ። ሽጉጡ እምቢ አለ። ሦስቴ ሳብኩ፣ ሦስቴ እምቢ አለ። ሰው አያምነኝም። ሚስቴ እንኳ ዝም ብላ ታየኛለች።»

ክንዱ የታሰረበትን ጨርቅ አየሁ።

«አንተ ታምነኛለህ ወይ?»

«አምንሃለሁ» አልኩት።

እውነቴን ነበር። በሶዶ ከተማ ሳና እውነተኛ መሆኑን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። እጄን በደህናው እጁ ጨበጠውና «እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ታ ኢሻ» አለኝ። በእኛ ቋንቋ ወንድሜ ማለት ነው። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እንደዚያ ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

ሌሎቹን ሽጉጦች ሰው ሳያየኝ አንድ በአንድ ፈትቼ አጽድቼአቸዋለሁ። አንዱ ብቻ፣ ቁጥር አራት፣ ሻንቶ ላይ ከዘበኛ ወገብ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሲመጣ እኔ ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ነበር፤ ስመለስ ባሻ ሞርሳው አጠገብ ተቀምጠው ፈትተውታል። ጉንፋናቸው ለቅቋቸዋል። መርፌዋን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ከዚያ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነኳት።

«ቅቤ ነው» አሉ።

ባልዲውን አስቀመጥኩት።

«ዐሥራ ሁለቱንም?»

«ዐሥራ ሁለቱንም።»

«ቁጥር ሰባት ሲመጣ እንዲሁ ነበር?»

«እንዲሁ ነበር።»

«አንተም አጠብከው።» ይህን ሲሉ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። «ከድር ዘይት እንደሌለው ብትነግረኝ ኖሮ ተቆጣጣሪው ዝገት ያይ ነበር፤ እኔን ይሰድበኝ ነበር፤ በቃ። ስድብ ምን ያደርገኛል?»

ቁጥር አራትን ሳያጸዱ መልሰው ገጠሙት። ከዚያ «ነገ ዓርብ ነው። ምን ትላለህ?» አሉኝ።

መናገር ነበረብኝ። ልናገር አፌን ከፍቼም ነበር። ግን ዓይኔ ላይ የመጣው የሰልፉ ሜዳ፣ ገሱባ ላይ «ልጄ መንግሥት ቤት ነው» እያለ የሚኮራው አባቴ፣ እስር ቤቱም ጭምር ነው። ምንም ሳልል ቀረሁ። ባሻ ጥቂት ጠበቁና ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ጡረታቸው አራት ወር ቀርቶት ነበር።

ዓርብ ጠዋት የሻለቃው ክፍል ውስጥ አምስት ሆነን ቆምን፤ ሻለቃው፣ ጸሐፊው፣ ሳና፣ ባሻና እኔ። ባሻ ቁጥር አራትን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ጌታዬ፣ ይኼ ከሻንቶ ትናንት የመጣ ነው፤ አልተነካም። እስቲ ወደ አሸዋው ይሞክሩት።»

ሻለቃው በረንዳው ላይ ወጥተው ሣጥኑ ላይ አነጣጠሩ። ሳቡ፤ ቀጭ። ጥይቱን ቀይረው ሳቡ፤ ቀጭ። ሳና ያን ድምፅ ሲሰማ ዓይኑን እንባ ሞላው። ግዙፍ ሰው ነው እኮ፤ ያን ቀን ግን ሲያለቅስ አየሁት። ባሻ ሽጉጡን እዚያው ፈቱና መርፌዋን አሳዩ፣ አስሸተቱ። ቁጥር ሰባትም እንዲሁ እንደነበረ፣ ሳይመረመር እንደታጠበ ተናገሩ።

ወደ ክፍሉ ስንመለስ የሻለቃው ፊት ቀልቶ ነበር። «የመንግሥት መሣሪያ ቅቤ? ማነው ያዘዘው? በማን ትእዛዝ ነው?»

ባሻ ወዲያው አልመለሱም። ወደ እኔም አልዞሩም። ልክ ክዳን ስበው ሲለቁ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ቆሙ። እየጠበቁኝ እንደሆነ አውቄአለሁ። አሥር ድረስ ለመቁጠር የሚበቃ ጊዜ ነበር። ከሻለቃው ጀርባ ግድግዳው ላይ ያለውን የጃንሆይን ፎቶግራፍ እያየሁ ዝም አልኩ።

«በእኔ ትእዛዝ ነው» አሉ ባሻ። «ፊርማውም የእኔ ነው።»

ሳና ነፃ ወጣ። ባሻ ማዕረጋቸው ወደ ሃምሳ አለቃ ዝቅ ብሎ፣ ጡረታቸውም በዚያው ልክ ወርዶ፣ አራት ወሩን ሳይጨርሱ ተሰናበቱ። ለጡረተኛ የሚደረገው ሽኝት ለእሳቸው አልተደረገም። ዕቃቸውን ተሸክሜ የጭነት መኪናው ድረስ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። በመንገዳችን ሁሉ ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር። መኪናው ላይ ከወጡ በኋላ «የቁጥር ዘጠኝ ካዝና ከንፈሩ ተከፍቷል፤ ሰኞ ሳትረሳ ግጠመው» አሉኝ። «እሺ ባሻ» አልኩ። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

ግምጃ ቤቱ የእኔ ሆነ። የእሳቸውን ልማድ አንድም ሳላጎድል ያዝኩ፤ አመዱን፣ እርሳሱን፣ ጠመኔውን፣ የሰኞውን ማገላበጥ። በእኔ ሥር የሰለጠኑ ልጆች ጨካኝ ይሉኝ ነበር፤ ሳልፈታ አልፈርምም፣ ፈትቼም ቢሆን ሁለተኛ ሰው ሳያይ አልፈርምም። ከዐሥራ ሁለቱ ሽጉጦች ሰባቱ እኔ ጡረታ ስወጣም ይተኩሱ ነበር። ሰው እጄን ሲያመሰግን «የተማርኩት ከባሻ ነው» እላለሁ። ከዚያ አልፌ ግን አልናገርም። መንዝ ሄጄ ላያቸው በየዓመቱ አስባለሁ፤ በየዓመቱ ምክንያት አገኛለሁ። ክረምት ነው፣ ልጅ ታሟል፣ ተቆጣጣሪ ይመጣል። በመጨረሻ አንድ ሾፌር ማረፋቸውን ነገረኝ። ግምጃ ቤቱን ከውስጥ ቆልፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከሳና ጋር ግን አልተለያየንም። እሱ ሥራውን ጨርሶ ሻንቶ ገባ፤ እሁድ እሁድ ወደ ሶዶ ይመጣል፣ አግዳሚያችን ያው ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ከስብከቱ በፊት የበደለውን መናዘዝ፣ የተደረገለትን መመስከር የፈለገ ሰው ይነሣል። ያን ጊዜ በመጣ ቁጥር ሳና አንገቱን አቀርቅሮ ዝም ይላል፤ እኔም ዝም እላለሁ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ አለፈ።

ይህን ጽሑፍ ከጀመርኩ በኋላ የዓርቡን ቀን የምጽፍበት ገጽ ላይ ስደርስ ብዕሬ አልሄድ አለኝ። ሳና ሳያውቀው ሌላ ሰው ሊያነበው ነው እንዴ? ወረቀቱን ትቼ ተነሣሁ፤ መኪና ተሳፍሬ ሻንቶ ወረድኩ። ሳና ከቤቱ ጀርባ ሥሩ የሚበላ ቦዬ የተከለበት ማሳው ውስጥ ነበር። ያ ክንዱ ዛሬም በደንብ አይታጠፍም፤ በግራው ነው የሚቆፍረው። ሲያየኝ በእኛው ሰላምታ «ሳሮ፣ አንጁሎ! ምነው በሥራ ቀን?» ብሎ ሳቀ። ጡረታ መውጣቴን ረስቶት ነው።

ቆሜ ነገርኩት። ስለ ቅቤው፣ ስለ ሙጫው፣ ሽጉጡን ስለ ማጠቤ፣ በዛፉ ሥር አምንሃለሁ ስላልኩት፣ ባሻ ስለ ጠበቁኝና ስለ ዝምታዬ። አላቋረጠኝም። ስጨርስ መቆፈሪያውን መሬት ላይ አጋደመና የማሳው ዳር ላይ ተቀመጠ። ቦታ ለቀቀልኝና ከጎኑ ተቀመጥኩ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ሁሉን። ባሻ ሊሄዱ ሲሉ፣ በማለዳ ቤቴ መጡ። ተቀመጥ ብለው ነገሩኝ። ‹ያ ልጅ አንድ ቀን መጥቶ ይነግርሃል፤ ሳይነግርህ እንዳታወራበት፣ ሲነግርህም እንዳትቆጣው› አሉ። በእግዚአብሔር ስም አስማሉኝ።»

ሰማሁት፤ ግን ቶሎ አልገባኝም። «ሠላሳ ዓመት አጠገቤ ተቀምጠህ?» አልኩት።

«ሠላሳ ዓመት። እሁድ እሁድ ዛሬ ይነሣል እላለሁ። አትነሣም።» መዳፉን አፈሩ ላይ ጠረገ። «እኔ እንዳልቆጣ ምያለሁ፣ አልቆጣም። በእኔ ላይ ያደረግከውን ድሮ ትቻለሁ። እሳቸው ግን በየዓመቱ ለአዲስ ዓመት ደብዳቤ ይጽፉልኝ ነበር። ሰላምታው አጭር ነው። ከሥሩ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ‹ነገረህ ወይ?›»

«አንተስ ምን ትላቸው ነበር?»

«ገና ነው እላለሁ።»

«ሁልጊዜ?»

«ዐሥራ አንድ ዓመት። የመጨረሻዋን ሲጽፉ ታመው ነበር፤ ፊደሏ ተንቀጥቅጧል። ሰላምታም የላትም፤ ‹ነገረህ ወይ?› ብቻ ናት። ሦስት ቀን ያዝኳት። ነገረኝ ብዬ ልጻፍላቸው፣ ደስ ብሏቸው ይሂዱ ብዬ አሰብኩ።»

ወደ እኔ ዞሮ አየኝ።

«መዋሸት አልቻልኩም፣ ታ ኢሻ። ገና ነው ብዬ ላክሁ።»